ወተቱ ሆድ ይገባል፣ ጭሱ ሳንባ

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ የ27 ዓመት ልጅ ነኝ። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። የሶሌታ ጣሪያ ውሃ እንዳያስገባ ሬንጅ እያቀለጥን መቀባት ከጀመርን አራት ዓመት ሆነን። ክረምት ሊገባ ሲል ሥራው ይበዛል። በርሜሉን ከሥር የማነደው እኔ ነኝ። ማታ ማታ ራሴን ያመኛል፤ ዓይኔን ይቆጠቁጠኛል። አሁን ደግሞ ሁለት ወር ያለፈው ሳል ይዞኛል። ካቦአችን ‹ወተት ጠጣ፣ ጭሱን ያጥብልሃል› ስላለኝ በየቀኑ ግማሽ ሊትር እጠጣለሁ። ሳሉ ግን አልተወኝም። ሬንጅ ካንሰር ያመጣል የሚባለውስ እውነት ነው? ሥራውን መተው አልችልም፤ የአንድ ዓመት ልጅ አለኝ።»

መልስ፦ ወንድሜ፣ የዓምዱ ስም «ሐኪምዎን ይጠይቁ» ቢሆንም ድሬ ላይ አንቱታ ሰውን እንግዳ ያደርጋል። ስለዚህ አንተ እያልኩ ልመልስልህ።

ከሳሉ ልጀምር። ሁለት ወር ብዙ ነው። ጭስ ያስላል፣ አዎ። ግን በአገራችን ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል መጀመሪያ የሚያስጠረጥረው ቲቢን ነው። ሬንጁን እየወቀስን ቲቢው ውስጥ ለውስጥ እንዳይሠራ እፈራለሁ። ነገ ጠዋት በርሜሉ ጋ ከመሄድህ በፊት አቅራቢያህ ወዳለው ጤና ጣቢያ ጎራ በልና አክታ ስጥ። በመንግሥት ጤና ተቋም የቲቢ ምርመራውም መድኃኒቱም በነጻ ነው። ቤት ውስጥ ሕፃን አለ፤ ነገሩን አታሳድረው። ማታ ማታ የሚያልብህ፣ ልብስህ የሚሰፋብህ ወይም አክታህ ላይ ደም የምታይ ከሆነም ሳትደብቅ ተናገር። «ሬንጅ አቀልጣለሁ» ማለትንም አትርሳ። እኛ ሐኪሞች ስምና ዕድሜ ጠይቀን ሥራን እንዘላለን። ጥፋቱ የእኛ ነው።

አሁን ወደ ወተቱ። ወተት ጥሩ ምግብ ነው፣ ጠጣ። ግን የሚወርደው ወደ ጨጓራ ነው። ጭሱ የሚገባው በሌላ ቧንቧ ወደ ሳንባ ነው። ሁለቱ መንገዶች ጉሮሮ ላይ ከተለያዩ በኋላ አይገናኙም። ይህን የወተት ምክር ከቀለም ቀቢም፣ ከብረት በያጅም፣ ከባትሪ ሠሪም እሰማዋለሁ። ወተቱ ራሱ አይጎዳህም። የሚጎዳህ «ወተቴን ጠጥቻለሁ» ብለህ ጭሱ መሃል መቆምህ ነው።

ጭሱን የሚያበዛው ደግሞ እሳቱ ነው። ለጣሪያ የሚቀልጥ ሬንጅ ብዙ ጊዜ ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሞቃል፤ ውሃ የሚፈላው በ100 መሆኑን አስብ። ሬንጁ በሞቀ ቁጥር ከውስጡ የሚወጣው ጭስ ይጨምራል። ካቦው «ቶሎ ይቅለጥ» ሲልህ እሳቱን ታግለበልበዋለህ። ያኔ ከበርሜሉ አፍ ወፍራም ጭስ ሲጎርፍ ካየህ ሬንጁ ከልክ በላይ ሞቋል ማለት ነው። እሳቱን ቀንስ። በርሜሉን በቆርቆሮ ክደን፣ ስትቀዳ ብቻ ክፈት። በነፋሱ መነሻ በኩል ቁም። ከቻላችሁ በርሜሉ ሶሌታው ላይ አይውጣ፤ መሬት ላይ ይሁን። ጣሪያው ዙሪያውን በግንብ የተከለለ ከሆነ ጭሱ እንደ ገንዳ ውሃ ይተኛል። እናንተም እዚያ ውስጥ አጎንብሳችሁ ትቀባላችሁ።

ማገዶው ምንድን ነው? አሮጌ ጎማና ፕላስቲክ ከሆነ እንግዲህ በአንዱ ጭስ ላይ ሌላ መርዝ ጨመራችሁ ማለት ነው። ይህንን ዛሬውኑ አቁሙ።

ጨርቅ በአፍንጫ መጠምጠም አቧራ ይቀንስ ይሆናል እንጂ የሬንጅ ትነት አይከለክልም። የሚሠራው ግራና ቀኝ የሚቀየር ማጣሪያ ያለው የጎማ ጭምብል ነው። ማጣሪያው ለትነትም ለብናኝም የሚሆን መሆኑን ስትገዛ ጠይቅ። ድሬ ሙቀት ውስጥ ያንን ለብሶ መዋል ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው ከጭምብሉ በፊት እሳቱንና ክዳኑን ያስቀደምኩት። ደግሞም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመከላከያ ዕቃ የማቅረብ ግዴታውን የጣለው አሠሪው ላይ ነው። የተቀጠርከው በቃል ቢሆንም ሠራተኛ ነህ።

ስለ ካንሰሩ። «ሬንጅ» ወይም «ታር» የሚባሉ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ ከድንጋይ ከሰል የሚወጣው ነው። እሱ ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ነው። አንተ የምታቀልጠው በአብዛኛው ከድፍድፍ ነዳጅ የሚገኘው ቢቱሚን ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2011 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጉዳዩን መርምሮ፣ ለጣሪያ የሚውለውን፣ ሙቅ አየር ተነፍቶበት የጠነከረውን ቢቱሚን ጭስ «ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም» በሚለው ምድብ አስገባው። የመንገድ አስፋልት ሠራተኞች የሚተነፍሱትን ደግሞ አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጎ መደበው። የጣሪያው ሬንጅ የበለጠ ስለሚሞቅ ይህ አያስገርምም። አራት ዓመት ሠራህ ማለት ካንሰር ያዘህ ማለት አይደለም። ነገሩ በዓመታት የሚጠራቀም ነው፤ ዛሬ የቀነስከው ጭስ ሁሉ ከሒሳቡ ይወርድልሃል። ሲጋራ ታጨሳለህ? አልጻፍክልኝም። የምታጨስ ከሆነ ሳንባህ ላይ ሁለት በርሜል እየነደደ ነው።

ሬንጅ በሳንባ ብቻ አይገባም፣ በቆዳም ይገባል። በፈረንጆች 1775 ፐርሲቫል ፖት የሚባል እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም በጭስ ማውጫ ጠራጊዎች ላይ የቆለጥ ከረጢት ካንሰር የሚያመጣው ቆዳቸው ላይ የሚከርመው ጥላሸት መሆኑን ጻፈ። ከሥራ የሚመጣ ካንሰር ለመጀመሪያ ጊዜ በግልጽ የታወቀው ያኔ ነው።

ይህን ያነሳሁት ስለ እጅህ ልጠይቅህ ፈልጌ ነው። ከሰዓት ሥራ ቆሞ በርጫ ላይ ስትቀመጡ፣ ያንን የጫት ቀንበጥ የሚበጥሰው ጣት ምን ይመስላል? ጥፍሩ ሥር ጥቁር ከሆነ ሬንጁን አብረህ እየቃምከው ነው። እንጀራውም ያው ነው። «በቤንዚን ታጠብኩ» እንዳትለኝ! ቤንዚንና ናፍጣ የቆዳውን ቅባት ገፍፈው ያደርቁታል፣ ይሰነጥቁታል፤ ራሳቸውም በቆዳ ይገባሉ። ትንሽ የምግብ ዘይት እጅህ ላይ እሽ፣ በጨርቅ ጥረግ፣ ከዚያ በሳሙናና በውሃ ታጠብ። የሥራ ልብስህን እዚያው ቀይረህ ሂድ። ከሕፃኑ ልብስ ጋር በአንድ ሳፋ አይታጠብ።

ጭሱ ቀስ ብሎ ነው የሚጎዳው፤ ቃጠሎው ግን በአንድ ሰከንድ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ልጅ ተራዬ በነበረበት ሌሊት መጣ። ሬንጁ ቀኝ እጁ ላይ እንደ ጥቁር ጓንት ደርቋል። ጓደኞቹ ለመርዳት ብለው ከአውራ ጣቱ ላይ ልጠውታል፣ ቆዳው አብሮ ወጥቷል። ከዚያ በቤንዚን አሽተውታል። የተላጠው ጣት ካልተነካው እጅ ይልቅ ብዙ ሳምንት ፈጀ። እኛ ሌላውን ቫዝሊን ቀብተን በፋሻ ጠቀለልነው፤ በማግስቱ ሬንጁ ለስልሶ ያለ ጉተታ ለቀቀ።

አንተም እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰ ወዲያው ቢያንስ ለ20 ደቂቃ ንጹሕ ውሃ አፍስስበት። ሬንጁ ደርቆም ከሥር ያለው ሙቀት ማቃጠሉን አያቆምም። ቀለበትና ሰዓት አውልቅ። አትላጠው። ከዚያ ሐኪም ቤት፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም ያስፈልግህ ይሆናል። ዓይን ከነካ ወይም ጣትን ዙሪያውን እንደ ቀለበት ከያዘ ደግሞ ከውሃው በኋላ ቆይ ነገ የሚባል ነገር የለም፤ ደርቆ ሲጨምቅ ደም ይዘጋል።

በርሜሉ ውስጥ ውሃ እንዳይገባም ተጠንቀቅ። ዝናብ የመታው ሬንጅ፣ እርጥብ ባልዲ፣ አንድ ጣሳ ውሃ እንኳ ይበቃል። ውሃው እዚያ ሙቀት ውስጥ በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ከሺህ ጊዜ በላይ ይሰፋል፤ ሬንጁን ይዞ ፊት ላይ ይፈነዳል። ስትሠራ ወፍራም የጥጥ ልብስ ልበስ። ናይለን ከቆዳ ጋር ይቀልጣል። ሱሪህን ጫማው ውስጥ አትክተት፣ በላዩ አውርደው። የሚንጠባጠበው ጫማህ ውስጥ ከገባ በቶሎ አይወልቅልህም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ባትጠይቀኝም። የውሃ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ ውስጥ ገብተህ በቀጭኑ ሬንጅ ቀባ ቢሉህ ብቻህን አትግባ። ያ ሬንጅ የቀጠነው ቶሎ በሚተን ፈሳሽ ነው። ትነቱ ጠባብ ቦታ ላይ ራስ ያስታል፤ ክብሪት ካገኘ ይነዳል። አየር የሚነፋ ማሽን ከሌለና ከላይ ገመድ የያዘ ሰው ካልቆመ እምቢ በል። ጓደኛህ ውስጥ ወድቆ ብታየውም ዘለህ አትግባ፤ ሁለት ሰው ይሞታል።

የማታው ራስ ምታት ከጭሱም ከሙቀቱም ሊሆን ይችላል። ግንቦትና ሰኔ ላይ የድሬ ሶሌታ ከላይም ከታችም ይጠብሳል፣ አንተ ደግሞ እሳት ሥር ነህ። ሽንትህ ሻይ ከመሰለ ውሃ አንሶሃል። በጠዋት 12 ሰዓት ጀምሩ፤ ቀትር ላይ በርሜሉ ይረፍ። ዓይንህን በንጹሕ ውሃ እጠብ፣ በዚያ እጅህ ግን አትሸው።

የአክታው ውጤት ቲቢ የለም ካለና ሳሉ ከቀጠለ የደረት ራጅና የትንፋሽ መለኪያ ምርመራ እንዲታዘዝልህ ጠይቅ። ጤና ጣቢያው ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል ሪፈር ሊጽፍልህ ይችላል። ከሥራ በራቅክባቸው ቀናት ሳሉ ይሻልህ እንደሆነም ልብ በል፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቅህ እሱን ነው።