ካህኑ ልጅ ወለደ፤ ዕዳው የማነው?

ጥያቄ፦ አባ፣ ይባርኩኝ። የምኖረው አውሮፓ ነው። በካቶሊክ ቁምስናችን ለዓመታት ያገለገሉን ካህን ድንገት ተነሡ። «ለዕረፍት ሄደው ነው» ተባልን። ቆይቶ ግን አብራን ከምትዘምር ሴት ልጅ እንደወለዱ ተሰማ። እሳቸው ሌላ ሀገረ ስብከት ሄደው ይቀድሳሉ። እሷ ግን ቤተ ክርስቲያን መምጣት አቁማለች፤ ሰውም ይሸሻታል። የእኔን ልጅ ያጠመቁት እሳቸው ናቸው፤ የእኔንም ንስሐ ሰምተዋል። ይሄ ሁሉ ከንቱ ነው ማለት ነው? ቤተ ክርስቲያንስ ካህኑን ከማዛወር ሌላ ግዴታ የለባትም? ካህናት ቢያገቡ ኖሮ ይሄ ይመጣ ነበር? ደግሞ ሕፃኑን ክርስትና ላነሣው አስቤ ነበር፤ ይፈቀድልኛል?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይባርክሽ፣ እኅቴ። አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ወሬ ማስረጃ አይደለም፤ ስለዚህ የምመልስልሽ ነገሩ እውነት ከሆነ ብዬ ነው።

በጥምቀቱ ልጀምር፤ እንቅልፍ የነሣሽ እሱ ይመስለኛል። የልጅሽ ጥምቀት ጥምቀት ነው። አይደገምም። ይሄ ጥያቄ ዛሬ የተነሣ አይደለም። በ4ኛው መቶ ዘመን በሰሜን አፍሪካ ዶናቲስቶች የሚባሉ ክርስቲያኖች ነበሩ። የሮም መንግሥት ክርስቲያኖችን ባሳደደ ጊዜ ፈርተው ቅዱሳት መጻሕፍትን አሳልፈው የሰጡ ካህናት የሚፈጽሙት ምስጢር ዋጋ የለውም አሉ። ቅዱስ አውግስጢኖስ የመለሰላቸው እስከ ዛሬ የምናስተምረው ነው፦ ጴጥሮስም ቢያጠምቅ፣ ይሁዳም ቢያጠምቅ፣ የሚያጠምቀው ክርስቶስ ነው። ንስሐሽም እንደዚያው ነው። በካህኑ በኩል ይቅር ያለሽ እግዚአብሔር ነው፤ የካህኑ ውድቀት ያንን ወደ ኋላ ተመልሶ አይሰርዘውም።

አንድ ነገር ግን አለ፤ ብዙ ምእመን አያውቀውም። ካህን አብራው ኃጢአት የሠራችውን ሴት ከዚያው ኃጢአት ሊፈታት አይችልም። በቤተ ክርስቲያናችን ሕግ (በሕገ ቀኖና) ቁጥር 977 መሠረት፣ ሞት አፋፍ ላይ ካልሆነች በቀር ፍትሐቱ ዋጋ የለውም። ደፍሮ ከፈታም ወዲያው ከቤተ ክርስቲያን ይወገዛል፤ ያንን ውግዘት ማንሣት የምትችለውም ቅድስት መንበር (ቫቲካን) ብቻ ናት። ይሄ ሕግ የተሠራው ለሴቲቱ ብዬ አምናለሁ። «እኔው ፈትቼሻለሁ፣ ለማንም አትናገሪ» ተብላ እንዳትታሰር። ያቺ እኅት እንዲህ ተብላ ከሆነ ሌላ ካህን ዘንድ ሄዳ ንስሐ ትግባ። ምንም የሚያስፈራት ነገር የለም።

አሁን ወደ ዋናው። በላቲን ሥርዓት (በምዕራቡ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን) ካህን ሲሾም ያለ ጋብቻ በድንግልና ሊኖር በነፃነት ቃል ይገባል። ቃሉን ከሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት በመኖር ካፈረሰ ሕጉ (ቁጥር 1395) ከአገልግሎት ይታገድ ይላል። ተመክሮ ካልተመለሰ ቅጣቱ ደረጃ በደረጃ እየከበደ ከክህነት ማዕረግ እስከመሰናበት ይደርሳል። አንድ ጊዜ ወድቆ የተነሣ ካህን ደግሞ ሌላ ነው። ንስሐ ገብቶ ሊመለስ ይችላል፤ ለእሱም ክርስቶስ ሞቶለታል።

ልጅ ሲኖር ግን ነገሩ ይለወጣል። በንስሐ መናዘዣው ሳጥን ውስጥ የሚያልቀው የካህኑና የእግዚአብሔር ጉዳይ ነው። ሕፃኑ ግን እዚያ ውስጥ አያልቅም። ይርበዋል፣ ትምህርት ቤት ይገባል፣ አንድ ቀን ደግሞ «አባቴ ማነው?» ብሎ ይጠይቃል። ካህኑን ሌላ ቁምስና ልኮ ነገሩን ማለባበስ ለዚህ መልስ አይሆንም። ዝውውር ንስሐ አይደለም።

አየርላንድን እንመልከት። (ቀኑም ዓመቶቹም ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።) መስከረም 30 ቀን 1979 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ለወጣቶች ሊቀድሱ ጎልዌይ ከተማ መጡ። ቦታው የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ነበር። ቅዳሴው እስኪጀመር ያን ሁሉ ወጣት መድረክ ላይ ቆመው ሲያሟሙቁት የነበሩት ሁለት ታዋቂ ሰዎች ናቸው፦ የጎልዌዩ ጳጳስ ኢሞን ኬሲ እና አባ ማይክል ክሊሪ። ሁለቱም በዚያ ሰዓት የወለዱት ልጅ ነበራቸው። የጳጳሱ ልጅ የተወለደው በ1974 ነው። የአባ ክሊሪ ልጆች እናት ደግሞ የቤት ሠራተኛቸው ነበረች፤ ነገሩ ለሕዝብ የወጣው በ1993 ከሞቱ በኋላ ነው።

የጳጳሱ ምስጢር በ1992 ወጣና ከመንበራቸው ለቀቁ። ከሀገር ወጥተው ኢኳዶር በሚስዮናዊነት አገለገሉ። ሕዝቡን እጅግ ያንገበገበው ምን ነበር መሰለሽ? ልጅ መውለዳቸው ብቻ አይደለም። ለልጁ እናት የተከፈለው 70,000 ፓውንድ ያህል ገንዘብ ከሀገረ ስብከቱ ካዝና የወጣ መሆኑ ነው። በኋላ ተመልሷል። ግን ምእመኑ ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ የጣለው ሳንቲም፣ ሳያውቀው ለምስጢር መጠበቂያ ዋለ። (በኋላ የተሰማባቸው የሕፃናት ጥቃት ክስ ሌላና እጅግ የከበደ ጉዳይ ስለሆነ ከዚህ ጋር አልቀላቅለውም።)

ይሄ የአንድ ሀገር ጉድ ብቻ እንዳይመስልሽ። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብት ኮሚቴ በ2014 ቅድስት መንበርን በግልጽ ወቅሷል። የካህናት ልጆች ብዙ ጊዜ አባታቸውን ሳያውቁ ያድጋሉ፤ እናቶቹም ቀለብ የሚያገኙት ነገሩን ላለመናገር ሲፈርሙ ነው አለ። ቀለብ የልጁ መብት ነው። የእናቱ አፍ መዝጊያ ሲሆን ጉቦ ይሆናል። ይህን ስጽፍ እኔም አፍራለሁ።

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንችስኮስ ገና የቦነስ አይረስ ሊቀ ጳጳስ ሳሉ ስለዚህ ጉዳይ በግልጽ ተናግረው ነበር። ካህን መጥቶ «ሴት አስረገዝሁ» ቢለኝ አዳምጠዋለሁ፣ አረጋጋዋለሁ፣ ቀጥሎ ግን የተፈጥሮ ሕግ ከክህነቱ እንደሚቀድም አስረዳዋለሁ አሉ። ሴቲቱን ባያገባት እንኳ አገልግሎቱን ትቶ ልጁን ይያዝ፤ ልጁ እናት የማግኘት መብት እንዳለው ሁሉ መልኩን የሚያውቀው አባት የማግኘት መብትም አለው ብለው ነበር።

የአየርላንድ ጳጳሳት በ2017 ባወጡት መመሪያ አስቀድሞ የሚታየው የልጁ ደኅንነት ነው። ካህኑም እንደማንኛውም አባት በሕግም፣ በሞራልም፣ በገንዘብም ኃላፊነቱን ይወጣ፤ ጥሎ መሄድ የለበትም ይላል። በ2019 ደግሞ ቫቲካን ለእንዲህ ያለ ጉዳይ የውስጥ መመሪያ እንዳላት በይፋ አመነች። የዚያም መነሻ የሕፃኑ ጥበቃ ነው። ልምዱ ካህኑ ከክህነት ግዴታ እንዲፈታ ጥያቄ እንዲያቀርብ ማድረግ ነው። እንደ ወትሮው 40 ዓመት ላልሞላው ካህን ፈቃዱ አይሰጥም ነበር። ልጅ ካለ ግን የካህናት ጉዳይ ኃላፊ የነበሩት ካርዲናል ስቴላ እንዳስረዱት፣ ከዚያ ዕድሜ በታችም ሆኖ በፍጥነት ይታያል። ከድንግልና ግዴታ የሚፈታው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ብቻ ነው። ጳጳስሽ «ሂድ አግባ» ሊለው አይችልም፤ ዝም ብሎ መቀመጥም ግን አይችልም።

ታዲያ ዕዳው የማነው? መጀመሪያ የካህኑ ነው። ሠርቶ ያሳድግ። ግን ቤተ ክርስቲያን እጇን ታጥባ አትወጣም። ሰውየው ገና በልጅነቱ ዘርዐ ክህነት (የካህናት ማሠልጠኛ) ገብቶ፣ ቅዳሴና ስብከት እንጂ ሌላ ሙያ ሳይዝ የጎለመሰ ሊሆን ይችላል። ባዶ እጁን ሜዳ ላይ ብትጥዪው የሚራበው ልጁ ነው። ሕጉም (ቁጥር 1350) ከማዕረጉ የተሰናበተ ካህን በእርግጥ ከተቸገረ ጳጳሱ በተቻለው መጠን ይደግፈው ይላል። በ2012 የሎስ አንጀለስ ረዳት ጳጳስ ጋቢኖ ዛቫላ የሁለት ልጆች አባት መሆናቸው ታውቆ ሲለቁ፣ ሀገረ ስብከቱ ለእናቲቱና ለልጆቹ መንፈሳዊ እንክብካቤ፣ ለልጆቹም የኮሌጅ ወጪ ድጋፍ እንደሚያደርግ ለምእመናን በግልጽ ደብዳቤ አሳወቀ። ከጎልዌዩ ጋር አስተያዪው። ሁለቱም ቦታ ገንዘብ ወጥቷል፤ አንዱ ተደብቆ፣ አንዱ በአደባባይ።

ስለ ሴቲቱም የምለው አለኝ። «ሁለቱም አዋቂዎች ናቸው፣ ተዋደዱ» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። አንዳንዴም እውነት ነው። ግን ንስሐዋን የሚሰማት፣ ሐዘኗን የሚያውቅ፣ ምእመኑ ሁሉ እጁን የሚስመው ሰው ከእሷ ጋር እኩል ቆሟል? በ2021 የተሻሻለው የቤተ ክርስቲያን ሕግ በማስገደድ፣ በማስፈራራት ወይም ሥልጣንን ተጠቅሞ የተፈጸመን እንዲህ ያለ በደል ወንጀል አድርጎታል። እንዲህ ሆኖባት ከሆነ ለሀገረ ስብከቱ ማመልከት ትችላለች። የሀገሩ ሕግ የሚከለክለው ከሆነም ፖሊስ ዘንድ መሄድ መብቷ ነው፤ ለዚያ የማንም ቡራኬ አያስፈልጋትም።

ቢያገቡስ ላልሽው አጭር መልስ ልስጥሽ። ያለ ጋብቻ መኖር የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት እንጂ የሃይማኖት ዶግማ አይደለም። ጴጥሮስም አማት ነበረችው። በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን የካህን ጋብቻ ከነጭራሹ የማይጸና መሆኑ የተደነገገው በ1139 በሁለተኛው የላተራን ጉባኤ ነው። የምሥራቅ ካቶሊካውያን ሕግ ደግሞ አግብተው ክህነት የተቀበሉትን ያከብራል። ከተሾሙ በኋላ ማግባት ግን እዚያም የለም፤ ኦርቶዶክስ ጎረቤቶችሽም ይህን ያውቁታል። ሥርዓቱ ይለወጥ የሚል ሰው ቢከራከር አልቆጣም። ግን ያገባ ሁሉ ታማኝ ነው ያለ ማነው? ሚስት ያለው ሰውም ከትዳሩ ውጭ ይወልዳል፤ ያንንም ልጅ ይደብቃል።

አሁን ወደ ሕፃኑ ልምጣ። የአባት ዕዳ ለልጅ የሚባለው እዚህ አይሠራም። ድሮ ይሠራ ነበር፤ በ1917ቱ ሕገ ቀኖና ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ሰው ያለ ልዩ ፈቃድ ካህን መሆን አይችልም ነበር። የ1983ቱ ሕግ ያንን አስወግዶታል። ይሄ ሕፃን አድጎ ካህንም ጳጳስም ቢሆን የሚከለክለው የለም። እናቱ አላገባችም ብሎ ጥምቀት የሚከለክል ካህን ካጋጠማችሁ ደግሞ ወደ ጳጳሱ ሂዱ።

ክርስትና ልታነሺው ትችያለሽ። ካቶሊክ ከሆንሽ፣ 16 ዓመት ከሞላሽ፣ ምስጢረ ሜሮንና ቅዱስ ቁርባን ከተቀበልሽ፣ በእምነትሽ የምትኖሪ ከሆነ ይበቃል። መጀመሪያ ግን እንደ አራስ ጠያቂ ሂጂ። ምግብ ይዘሽ ግቢ፣ ሕፃኑን ተቀበያት፣ ትንሽ ትተኛ። «ከማን ነው?» አትበያት፤ ከፈለገች ራሷ ትነግርሻለች።

የጥምቀት መዝገቡ ያሳስባት ይሆናል። ሕጉ (ቁጥር 877) እንዲህ ነው፦ ያላገባች እናት ስሟ የሚጻፈው እናትነቷ በይፋ የታወቀ ከሆነ ወይም ራሷ በጽሑፍ ወይም በሁለት ምስክሮች ፊት ከጠየቀች ነው። የአባት ስም የሚጻፈው አባትነቱ በሕጋዊ ሰነድ ከተረጋገጠ፣ ወይም ራሱ በቆሞሱና በሁለት ምስክሮች ፊት «ልጄ ነው» ብሎ ካመነ ነው። እሳቸው መጥተው ይህን ቢያደርጉ መልካም። ባይመጡም ሕፃኑ ያለ አባት ስም ይጠመቃል፤ አባትነቱ በሰነድ በተረጋገጠ ቀን እናቱ ሰነዱን ይዛ ወደ ቁምስናው ጽሕፈት ቤት ትሂድ።