ከጎናችን ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ሊሠራ ነው፤ ቤታችንን እንሽጥ ወይስ እንቆይ?

እህታችን የጠየቁት ካሳንችስ ዳር በሚገኝ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ውስጥ ቤት እንዳላቸው፣ ከአጥራቸው ማዶ ባለ ሠላሳ ፎቅ ሕንፃ ሊሠራ መታቀዱን እንደሰሙና ከወዲሁ ሸጠው ይውጡ ወይስ ይቆዩ እንደሆነ ነው። እኔ ሰንጋ ተራ አካባቢ ስኖር አሥራ አምስት ዓመት ስላለፈኝና የቆርቆሮ ቤቶቹ በባንክ ሕንፃዎች ሲተኩ ስላየሁ፣ የደረሰብኝን መሠረት አድርጌ እመልሳለሁ።

አሁን አይሽጡ። ዕቅዱ ከተሰማበት ቀን እስከ ቁፋሮው ያለው ጊዜ ለሻጭ ክፉ ጊዜ ነው፤ ገዢ አቧራውንና ጫጫታውን አስቦ ዋጋ ይሰብራል፣ ደላላም «ሠፈሩ ሊነሣ ነው» እያለ ያጣድፋል። ይነሣል አይነሣም የሚለውን ካርታዎን ይዘው ክፍለ ከተማው ድረስ ሄደው ይጠይቁ። መቆየት ግን ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ልደብቅዎ አልፈልግም። 209 ሜትር የሚረዝመው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት እንኳ በ2007 ዓ.ም. ተጀምሮ የተመረቀው የካቲት 6 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው፤ በብድር የሚሠራ የግለሰብ ሕንፃ ደግሞ ገንዘብ ሲያጥረው በመሀል ይቆማል።

ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ቁመቱ ነው፤ እኔን የጎዳኝ ግን ጉድጓዱ ነው። ከጎናችን አንድ የግለሰብ ሕንፃ ሲጀመር ለመኪና ማቆሚያ የሚሆን ሦስት ምድር ቤት ተቆፈረ። ጥቁር አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ጎኑ በደንብ ሳይደገፍ ሲቆፈርና ፓምፑ ሌሊቱን ሙሉ ውኃውን ሲስብ ደግሞ አጠገቡ ያለው መሬት ወደ ጉድጓዱ ይሸሻል። ኅዳር ላይ ከመኝታ ቤታችን መስኮት ጥግ ተነሥቶ ወደ ጣሪያው የሚሄድ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አየሁ፤ በሁለት ወር ውስጥ ሳንቲም የሚያስገባ ሆነ፣ በሩም አልዘጋ ብሎ አናጢ ሁለት ጊዜ ጠርቼ አስላግሁት። ለተቋራጩ ሳመለክት «ስንጥቁ የቆየ ነው» ተባልኩ፤ ግድግዳው ከቁፋሮው በፊት ደኅና እንደነበረ የሚያሳይ አንድ ፎቶ እንኳ ስላልነበረኝ በራሴ ገንዘብ አስጠገንኩ። ጎረቤቴ ግን ልጇ የተመረቀች ዕለት ሳሎኗ ውስጥ የተነሣችው ፎቶ፣ ቀኑም ጭምር ነበራትና፣ ልስኑንም ቀለሙንም አድሰውላታል።

ስለዚህ ቁፋሮ ሳይጀመር እያንዳንዱን ግድግዳ፣ ጣሪያና ደረጃ ፎቶ ያንሱ። ከነዋሪዎች ኮሚቴው ጋር ሆናችሁ ከተቋራጩ ነፃ የሆነ መሐንዲስ ቅጠሩ፤ ሕንፃችሁን ከተቋራጩ ተወካይ ጋር ዞሮ ይመልከትና ሁለቱም ይፈርሙ። አሁንም ያለ ስንጥቅ ካገኛችሁ፣ ቀጭን የመስታወት ቁራጭ በስንጥቁ ላይ አጋድማችሁ ሁለቱን ጫፎች በጅብሰም አጣብቁና ቀኑን ጻፉበት፤ መስታወቱ ከተሰበረ ግድግዳው እየተንቀሳቀሰ ነው ማለት ነው። ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የመጣው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ስለተሰማ፣ ነገ «ስንጥቁ የመንቀጥቀጡ ነው» የሚል ተቋራጭ እንደማይጠፋ ከወዲሁ አስቡበት። የአፈር ምርመራው መሠራቱን፣ የቁፋሮው ጎን በምን እንደሚደገፍና ተቋራጩ ለሦስተኛ ወገን ጉዳት ኢንሹራንስ መግባቱን በጽሑፍ ጠይቁ፤ የቃል መልስ አትቀበሉ።

ጥላው ብዙ አያሳስብዎ፤ ከምሥራቅ በኩል ከቆመ የጠዋት ፀሐይ ይቀንሳል፣ ክረምት ልብስ ለማድረቅ ያስቸግራል። የሌሊት ኮንክሪት ሙሌት ግን ሕፃን ላለበት ቤት ከባድ ነውና የሥራ ሰዓቱን ከጅምሩ ተነጋገሩበት። መሸጥ የግድ ከሆነብዎ የምድር ቤቶቹ ኮንክሪት ተሞልቶ ከመሬት በላይ የመጀመሪያው ወለል እስኪታይ ይጠብቁ፤ የቁፋሮው አደጋ ያኔ አልፎ ገዢውም ግድግዳዎን በዓይኑ አይቶ ይዋዋላል።