የአባትሽ ቆርቆሮ፦ መጀመሪያ ጀርባቸውን አዙሪ

እህቴ፣ በቅድሚያ ነፍሳቸውን ይማር። ጥያቄሽን ትናንት ማታ አነበብኩት፤ ፎቶዎቹንም አንድ በአንድ አጉልቼ አየኋቸው። ላላነበቡት ባጭሩ ልድገመው። አባትሽ በ1980ዎቹ ኦዴሳ፣ ያኔ ሶቪየት ኅብረት ውስጥ፣ ተምረው በ1990 አገራቸው ገቡ። አሁን ካረፉ በኋላ ከቁም ሳጥናቸው አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ወጣ። ውስጡ አራት ነገር አለ፦ ቀይ ኮከብ፣ የወርቅ ጨረር ያለው ሌላ ኮከብ፣ የስታሊን ፊት ያለበት ቢጫ ሜዳሊያ፣ እና በጫፉ የቆመ ባለ አራት ማዕዘን ሰማያዊ ነገር። «አባቴ ተሸልሞ ነው? የመቼ ናቸው? ላጽዳቸው? ይሸጣሉ?» ነው ያልሽው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

እኔ ከ1983 ጀምሮ ሚንስክ የተማርኩ ነኝ። ግድግዳው ከፈረሰ በኋላ ኑሮ በርሊን ጣለኝ፤ እዚህ ነው መሰብሰብ የጀመርኩት። ሊቅ ነኝ አልልም። ተታልዬ ነው የተማርኩት። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ውድ ነበር።

ሰው ሁሉ ፎቶ ሲልክልኝ ፊቱን ነው የሚልከው። ፊቱ ያምራል፣ ግን ብዙ አይናገርም። የሶቪየት ኒሻን ታሪኩ ጀርባው ላይ ነው። እዚያ ብሎኑ አለ፣ ዳዶው አለ፣ «ሞኔትኒ ድቮር» የሚል የማምረቻው ስም አለ፣ ከሁሉም በላይ ቁጥሩ አለ። ደግነቱ አንቺ ሁለቱንም ወገን አንስተሻል።

ከቀዩ ኮከብ እንጀምር። ስሙም «የቀይ ኮከብ ኒሻን» ነው። በኤፕሪል 6፣ 1930 ነው የተቋቋመው። ብር ነው፤ ቀዩ ኢናሜል፣ ማለትም የመስታወት ቅብ ነው። መሃሉ ላይ ካፖርት ለብሶ ጠመንጃ የያዘ ወታደር አለ። ቁጥሩ ሰባት አሃዝ ሆኖ በ34 ይጀምራል ብለሻል። ጨዋታው እዚህ ላይ ነው። የዚህ ኒሻን ጠቅላላ ብዛት ከ3.8 ሚሊዮን ትንሽ ይበልጣል። በ3.7 ሚሊዮን የሚጀምሩት ወደ አፍጋኒስታን ጦርነት ዘመን ይሄዳሉ። ያንቺ በ1945 በርሊን ላይ ላበቃው ጦርነት ዘግይቷል፣ ለካቡል ደግሞ ቀድሟል። ከ1940ዎቹ መጨረሻ እስከ 1950ዎቹ አጋማሽ ያለው ጊዜ ውስጥ ይወድቃል።

«ጦርነት ሳይኖር ማን ይሸለማል?» ትዪ ይሆናል። እኔም ጠይቄ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። በጁን 1944 አንድ ድንጋጌ ወጣ። መኮንን ሆኖ 15 ዓመት በደንብ ያገለገለ ሰው ቀይ ኮከብ ያገኛል፤ 20 ዓመት ያገለገለ ቀይ ሰንደቅ፤ 25 የሞላው የሌኒን ኒሻን። ይኼ እስከ 1957 ቀጠለ። ስለዚህ በዚያ ዘመን ቁጥር የወጡት ቀይ ኮከቦች ብዙዎቹ የጥይት ድምፅ ያልሰሙ ናቸው። የቢሮ ወንበር ኒሻን ማለት ነው። ሰብሳቢዎች ፊታቸውን የሚያዞሩባቸው ለዚህ ነው። እኔ ግን አልንቃቸውም። ጦርነቱን ያለ ምንም ሽልማት ጨርሶ፣ በአሥራ አምስተኛ ዓመቱ ይቺን ያገኘ ሰውም አለ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ቁጥሩ የተመረተበትን ዘመን እንጂ የተሰጠበትን ቀን አይነግርሽም። ኒሻኖቹ በሣጥን በሣጥን ተከፋፍለው ወደ ተለያየ ግንባር ይላኩ ነበር። አንዱ ሣጥን ቶሎ ያልቃል፣ ሌላው መጋዘን ውስጥ ይከርማል። ትንሹ ቁጥር ከትልቁ በኋላ የተሰጠበት ጊዜ ሞልቷል። ስለዚህ «በቁጥሩ መሠረት ማርች 12 ነው» የሚልሽን ሰው አትመኚው።

ሁለተኛው፣ የወርቅ ጨረር ያለው፣ «የአርበኞች ጦርነት ኒሻን» አንደኛ ደረጃ ነው፤ ሶቪየቶች ከናዚ ጀርመን ጋር ያደረጉትን ጦርነት እንዲህ ነው የሚሉት። ይኼን ሳየው ሆዴ ተላወሰ። ሜይ 9፣ 1985 ሚንስክ የድል አደባባይ ቆሜያለሁ። ድሉ 40 ዓመት ሞላው። ሽማግሌዎቹና አሮጊቶቹ ደረታቸው በሜዳሊያ ተሞልቶ ይሄዳሉ፤ ሲራመዱ ይንሿሿል። የብዙዎቹ ደረት ላይ ደግሞ አዲስ፣ ገና የሚያብረቀርቅ ኮከብ አለ። በማርች 11፣ 1985 በወጣ ድንጋጌ በሕይወት ላሉት የጦርነቱ ተሳታፊዎች ሁሉ የተሰጠ ነው። በውጊያ የቆሰሉትና በጦርነቱ ጊዜ ኒሻን ያገኙት አንደኛ ደረጃ፣ ሌሎቹ ሁለተኛ ደረጃ ወሰዱ።

ያንቺ ቁጥር ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነው። በቃ፣ የ1985 ነው። ከዚያ በፊት የተሰጠው አንደኛ ደረጃ ተደምሮ 350 ሺህ ገደማ ነው። በ1985 ግን በአንድ ጊዜ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ታደለ። ቁጥሩን ባታዪው እንኳ አሠራሩ ይናገራል። የጦርነቱ ዘመን ኒሻን ከተለያየ ክፍል የተገጣጠመ ነው፤ ማጭዱና መዶሻው ለብቻው ወርቅ ነው፣ ጨረሩም እውነተኛ ወርቅ ነው። የ1985ቱ ግን ከብር እንዳለ ተመትቶ ወርቅ የተቀባ ነው። በጎን በማጉያ መነጽር ስታዪው መገጣጠሚያ አታገኚም። የዋጋቸው ልዩነትም ሰማይና ምድር ነው። የመጀመሪያዎቹ፣ ከሜይ 1942 እስከ ጁን 1943 ያሉት፣ በብሎን ሳይሆን በሪባን የሚንጠለጠሉ ነበሩ። እነዚያን ያገኘ ሰው እንቅልፍ አይወስደውም።

ስለዚህ ኒሻን አንድ የምወደው ነገር አለ። በዚያ ዘመን ተሸላሚው ሲሞት ኒሻኑ ለመንግሥት ይመለስ ነበር። ይኼ ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ ለቤተሰብ የሚቀር ነበር። ለሌሎቹም ይህ የተፈቀደው በ1977 ነው።

የስታሊኑ ሜዳሊያ ብዙ አያነጋግርም። «በጀርመን ላይ ለተገኘው ድል» ይባላል፤ በሜይ 9፣ 1945 ተቋቋመ፤ ናስ ነው፤ ወደ 15 ሚሊዮን ለሚጠጋ ሰው ተሰጥቷል። ቁጥር የለውም። በላዩ ላይ «ናሼ ዴሎ ፕራቮዬ፣ ሚ ፖቤዲሊ» ይላል፤ ዓላማችን ትክክል ነው፣ አሸነፍን ማለት ነው። ስታሊን ወደ ግራ ያያል። የጃፓኑ ድል ሜዳሊያ ላይ ደግሞ ወደ ቀኝ ያያል። እኛ ተማሪዎች «ወደ ጠላቱ እያየ ነው» እንል ነበር፤ ካርታ ላይ ጀርመን በግራ፣ ጃፓን በቀኝ ናትና። ለመለየት ግን በጣም ይጠቅማል።

አሁን ስለ መታለል ልንገርሽ፣ ምክንያቱም እዚህ የምታነቡ ሌሎች ልጆችም ገበያ ትወጣላችሁ። በ1992 ነው። ብራንደንበርግ በር አጠገብ ጠረጴዛ ዘርግተው የጠጉር ቆብ፣ የግድግዳ ስባሪና የሶቪየት ኒሻን ይሸጡ ነበር። የሩስያ ጦር ገና ጀርመን ውስጥ ነው፤ ጨርሶ የወጣው በኦገስት 1994 ነው። አንዱ ሻጭ ቀይ ሰንደቅ ኒሻን አሳየኝ። ቁጥሩ አራት አሃዝ! ከአብዮቱ በኋላ የነበረው የሩስያ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ማለት ነው አልኩ በልቤ። እጄ እየተንቀጠቀጠ 200 ማርክ ከፈልኩ። ያኔ የሳምንት ምግቤ፣ ትራንስፖርቴ፣ ሁሉ ነገሬ ነበር።

ከዚያ የ17 ጁን ጎዳና ላይ ቅዳሜና እሁድ በሚቆመው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ለአንድ ሽማግሌ ሰብሳቢ አሳየሁት። አዞረው። ማጉያውን ዓይኑ ላይ አደረገ። አልሳቀም፣ እግዜር ይስጠው። «ሞርደውታል» አለኝ። ዋናውን ቁጥር በሞረድ አጥፍተው ትንሽ ቁጥር ቀርጸውበታል። ቁጥሩ ያለበት ቦታ ከዙሪያው ትንሽ ጎድጎድ ብሏል፤ ብሩም እዚያ ጋ ብቻ ይነጣል። ግን የባሰ ነገር ነበር። ከላይ ያለው የማንጠልጠያ ቀለበት ከአካሉ ጋር አብሮ የተመታ ነው። ሪባን የሚንጠለጠልበት ይህ ዓይነት አሠራር የመጣው ከጁን 19፣ 1943 ድንጋጌ በኋላ ነው። የ1920ዎቹ ኒሻን በብሎን የሚታሰር ነበር። የአያት ስም ለልጅ ልጅ ሰጥተው ሸጡልኝ!

እስከ ዛሬ ሥራዬ ላይ ያለው ሕግ ከዚያ የመጣ ነው፦ ቁጥሩና አካሉ ካልተስማሙ አልገዛም። የቱንም ያህል ርካሽ ይሁን።

ያ የ1943 ድንጋጌ ለሜዳሊያም ለፎቶም ይጠቅማል። «ለጀግንነት» የሚለው የብር ሜዳሊያ በ1938 ሲወጣ በትንሽ ቀይ ሪባን፣ በአራት ማዕዘን ማንጠልጠያ ነበር። ከ1943 በኋላ ሁሉም ባለ አምስት ማዕዘን ሆነ። ብዙ ሰው አሮጌውን በአዲስ ቀይሯል፤ ስለዚህ አዲስ ማንጠልጠያ ላይ አሮጌ ሜዳሊያ ብታዩ ፎርጅድ ነው ብላችሁ አትጩኹ። ፎቶ ላይ ደግሞ ቀይ ኮከብ በግራ ደረት ከታየ ፎቶው በአብዛኛው ከዚያ ድንጋጌ በፊት ነው። ከዚያ ወዲህ ወደ ቀኝ ተዛውሯል።

ማጽዳቱን በተመለከተ፣ እባክሽ አታጽጂያቸው። የኛ ሰው ብር ሲጠቁር ዝም አይልም፣ አውቃለሁ። ሎሚ፣ አመድ፣ የጥርስ ሳሙና ያወጣል። ጥቁረቱ የዕድሜ ምስክሩ ነው፤ ካጠብሽው ዋጋው ይወርዳል። የ1985ቱ ወርቅ ደግሞ ስስ ቅብ ነው፣ በጥርስ ሳሙና ይለቃል። ኢናሜሉ መስታወት ማለት ነው፤ ወለል ላይ ከወደቀ ይሰነጠቃል። ቀይ ኮከብሽ የታችኛው ጫፍ ላይ ቀለሙ ትንሽ ወፈር ብሎ ይታየኛል። በጥፍር ቀለም ወይም በሙጫ የተጠገነ ሊሆን ይችላል። የብር ኖት መመርመሪያ ሐምራዊ መብራት ካለሽ አብሪበት፤ ጥገና ከሆነ ብዙ ጊዜ ከሌላው ቦታ ተለይቶ ይታያል። ሁለቱን ኮከቦች ለየብቻ በለስላሳ ጨርቅ ጠቅልያቸው። ቆርቆሮው ውስጥ እየተጋጩ መኖር የለባቸውም።

ወረቀትስ አለ? ቆርቆሮውን ብቻ ሳይሆን መጽሐፎቻቸውንም ገልብጪ። ኒሻን ያገኘ ሰው ስሙና የኒሻኑ ቁጥር የተጻፈበት ትንሽ ደብተር ይሰጠዋል። ደብተሩ ካለ ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። «ፖድቪግ ናሮዳ» የሚባለው የሩስያ መከላከያ ድረ ገጽ ላይ በስም ይፈለጋል፤ የጦርነቱ ዘመን የሽልማት ማመልከቻ ወረቀቶች ፎቷቸው ተነስቶ ተቀምጧል። እኔ አንድ ጊዜ ከደብተሩ ጋር የገዛሁትን ኮከብ ባለቤት እዚያ አገኘሁት። የስልክ መስመር ሠራተኛ ነበር። በአንድ ቀን ውጊያ የተበጠሰ ሽቦ እየዳኸ ደጋግሞ ቀጥሏል። ከዚያ በኋላ ያንን ኮከብ ልሸጠው አልቻልኩም። በቁጥር ብቻ ግን ድረ ገጹ ላይ ባለቤት አይገኝም።

አባትሽ ተሸልመው ይሆን ላልሽው፣ ሦስቱ የሳቸው አይመስሉኝም። ሲቪል ተማሪ ነበሩ ብለሻል። ያኔ ወደ መጨረሻው አካባቢ ሩብል ዋጋ ሲያጣ ጡረተኞች ኒሻናቸውን መንገድ ላይ ያወጡ ነበር። ሞስኮ አርባት ጎዳና ላይ በዓይኔ አይቻለሁ። ወይ ገዝተዋቸው ነው፣ ወይም ያከራየቻቸው አሮጊት «ማስታወሻ» ብላ ሰጥታቸው። በዚያ ዘመን ሁለቱም የተለመደ ነበር።

መሸጡ በጀርመን በግልጽ ይሸጣል፤ የ1985ቱና የስታሊኑ ግን በየገበያው የሞሉ ስለሆኑ ብዙ ገንዘብ አትጠብቂ። ይዘሻቸው ወደ ሩስያ እንዳትሄጂ ብቻ። እዚያ የመንግሥት ሽልማት መግዛትም መሸጥም በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 324 ያስከስሳል፤ ከአገር ማውጣቱም ክልክል ነው።

አራተኛውን ሆን ብዬ ወደ ኋላ አስቀረሁት። ሰማያዊው «ሮምብ» ነው። ኒሻን አይደለም። ከፍተኛ ትምህርት የጨረሰ ሰው ከዲፕሎማው ጋር የሚቀበለው ባጅ ነው፤ ኮት ላይ ይታሰራል። ገበያ ላይ የሻይ ዋጋ ነው። ግን ከአራቱ የአባትሽ የራሳቸው እሱ ነው፤ ስድስት ዓመት በሩስያኛ ተምረው፣ በዚያ ብርድ ተመላልሰው ያገኙት። የኔም መሳቢያ ውስጥ አለ። የታችኛውን ምልክት አጉልተሽ ፎቶ ላኪልኝ። እባብና ዋንጫ ከሆነ ሕክምና ነው፤ የተጣመሩ መዶሻዎች ከሆኑ ምህንድስና።

ፎቶው ላይ እንዳየሁት የሮምቡ ዳዶ ጠፍቷል። እኔ ጋ ትርፍ አለ። አድራሻሽን በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ልላክልሽ።