አይስክሬም ላይ ጨው ምን ይሰራል?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች እንዴት ናችሁ፣ የምጽፍላችሁ ከሲያትል ነው፣ ከመጣሁ ገና ነው። የስራ ጓደኞቼ ሞሊ ሙንስ የሚባለው አይስክሬም ቤት ካልወሰድንሽ እያሉኝ ነው፣ ሁሌ ሰልፍ አለው፣ ሁሉም ደሞ ሶልትድ ካራሜሉን (ጨው የገባበት ካራሜል) ሳትቀምሺማ አይሆንም ይሉኛል። እኔ ቫኒላ ነው የምወደው፣ አይስክሬምና ጨው ጭራሽ አልገባኝም። ከፍዬ ባልወደውስ? በጾምስ እንደዚህ አይነት ቤት ሲጋብዙኝ ምን ልዘዝ?

መልስ፦ እህቴ ሂጂና ቅመሺው፣ ቫኒላው የትም አይሄድብሽም። ጨዉ የሚገባው አይስክሬሙ ጨው ጨው እንዲል አይደለም። ካራሜል'ኮ ስኳር ድስት ላይ ቀልጦ ወደ 170 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጠጋ ቡናማ የሚሆነው ነገር ነው፣ እዛ ሲደርስ ጣፋጭነቱ ብቻ አይደለም ትንሽ መረር ማለትም ይጀምራል፣ ጎበዝ ሰሪ የሚለየውም እዚችው ጋ ነው፣ ቶሎ ካወረደው ስኳር ስኳር ብቻ ይላል ካቆየው ደሞ ያራል። ጨው ምላስ ላይ ምሬትን ያፍናል፣ ስለዚ መዓዛው እንዳለ ሆኖ ምሬቱ ይለዝባል ማለት ነው። ወሎ አካባቢ ቡና በጨው ሲጠጣ አይተሽ ከሆነ ነገሩ ያው ነው።

ሀሳቡ ደሞ ከፈረንሳይ የመጣ ነው። ብሪታኒ የሚባለው የባህር ጠረፍ አካባቢ በነገስታቱ ዘመን ከጨው ግብር ነፃ ስለነበር ሰዉ ቅቤውን ጨው አድርጎበት መብላት ለምዶ ቀረ፣ እዛው ኪብሮን ከተማ አንሪ ለ ሩ የሚባል ጣፋጭ ሰሪ በፈረንጆቹ 1977 ሱቅ ከፍቶ በዛ ቅቤ ካራሜል ሰራና ነገሩ ከዛ ተዛመተ። እናንተ ጋ ሲያትልም ፍራንስ የሚባለው ቸኮሌት ቤት ጨው የተነሰነሰበት ካራሜሉን ኦባማ ይወደዋል ተብሎ በፈረንጆቹ 2008 ብዙ ተወርቶለታል፣ ሞሊ ሙንስም ዎሊንግፎርድ ሰፈር የመጀመሪያ ሱቁን የከፈተው በዛው ዓመት ነው።

አሁን አቀማመሱን ልንገርሽ፣ ዋናው እሱ ነው። ብዙ አይስክሬም ቤት በትንሽ ማንኪያ ያስቀምሳሉ፣ ጠይቂ፣ ምንም ነውር የለውም። በዛች ማንኪያ ብቻ ግን እንዳትፈርጂ፣ ብርዱ ምላስን ስለሚያደነዝዝ መጀመሪያ ላይ ጣዕሙ ራሱ አይወጣም (አይስክሬም ሲቀልጥ ከልክ በላይ የሚጣፍጠው ለዚህ ነው፣ በብርድ እንዲሰማ ተብሎ ስኳሩ ይበዛል)። ስለዚ አንድ ስኩፕ ብቻ እዘዢ፣ ቸኮሌት ሶስ ክሬም ምናምን አይጨመርበት፣ ወዲያው አትዋጪው፣ አፍሽ ውስጥ ትንሽ አቆዪው። ቅዝቃዜው ሲያልፍ ወተቱ ይመጣል፣ ከዛ የተቃጠለው ስኳር፣ ጨዉ መጨረሻ ላይ ይሰማሻል፣ ያኔ ነው ሁለተኛ ማንኪያ የሚያስፈልግሽ። በኮን ሳይሆን በኩባያ ይሁን፣ ጨውና ስኳር የሚቀዘቅዝበትን ዲግሪ ስለሚያወርዱት ይሄ አይነቱ ቶሎ ይቀልጣል፣ በበጋ እጅሽ ላይ ነው የሚፈሰው። ይሄን ሁሉ አድርገሽ ካልጣመሽ ቫኒላሽን እዘዢ፣ ጥሩ ቫኒላ መስራት ራሱ ቀላል ሙያ አይደለም።

የጾሙን በተመለከተ፣ አሜሪካ ውስጥ የወተት ስቡ ቢያንስ 10 በመቶ ካልሆነ በህግ አይስክሬም ተብሎ አይሸጥም፣ ብዙ ቦታ ደሞ የእንቁላል አስኳል ይገባበታል፣ ስለዚ መደበኛው አይሆንሽም። ቬጋን (ከእንስሳት የሚገኝ ነገር የሌለበት) የቱ ነው በያቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ በኮኮናት ወይ በአጃ ወተት የተሰራ ነው። ሶርቤ የሚሉት ከፍራፍሬ፣ ከውሃና ከስኳር ስለሆነ ይሆናል፣ ሸርበት የሚሉት ግን ወተት አለበት፣ ስማቸው ስለሚመሳሰል ተጠንቀቂ። ማውጫ ማንኪያው ከአንዱ ወደ አንዱ ስለሚገባም በታጠበ እንዲያወጡልሽ ጠይቂያቸው፣ ወተት የማይስማማቸው ሰዎች ሁሌ ስለሚጠይቁ ለምደውታል።