ከማን ጎን ተቀመጠ?

የካቲት ሲገባ የደብዳቤያችሁ ጠባይ ይቀየራል። በሌላው ወር ስለ ፍሪሲዮንና ስለ ራዲያተር ትጠይቁኛላችሁ። ኮምቦልቻ ያለችው ጋራዤም የምትታወቀው በዚሁ ነው። አሁን ግን ነገሩ ሁሉ ፎርሙላ ዋን የሚሉት የመኪና ውድድር ሆኗል። የ2026ቱ ውድድር የካቲት 29 እሁድ ሜልቦርን ላይ ይጀመራልና አልፈርድባችሁም። እኔም ከእናንተ የባስኩ ነኝ። (ዓመተ ምሕረቶቹን የጻፍኳቸው እንደ ውድድሩ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

ጋሼ፣ እኔና የአክስቴ ልጅ ከተኳረፍን ሁለት ሳምንት ሆነን። እሱ «ሃሚልተን ፌራሪ መግባቱ ስህተት ነው፣ አርጅቷል፣ ጡረታ ይውጣ» ይላል። እኔ ገና ነው እላለሁ። ይፍረዱን። — የፌራሪ ደጋፊ፣ ከደሴ ፒያሳ

መጀመሪያ ታረቁ። አንተና እሱ በየትኛው ቤት እንደምትጾሙ አላውቅም። ግን ዘንድሮ ረመዳንና ዐቢይ ጾም ገጥመዋል፤ በየትም በኩል ማምለጫ የላችሁም።

ወደ ነገሩ ስንመጣ፣ እንግሊዛዊው ሾፌር ሃሚልተን በታኅሣሥ መጨረሻ 41 ዓመት ሞላው። ፋንጂዮ የሚባለው አርጀንቲናዊ ግን በ1957 አምስተኛ ዋንጫውን ሲያነሳ 46 ነበር። አምስቱንም ያገኘው በአራት ቡድን ነው፤ በአልፋ ሮሜዮ፣ በመርሰዲስ፣ በፌራሪና በማዜራቲ። ሰውዬው ነገ የትኛዋ መኪና እንደምትሮጥ ዛሬ ያውቅ ነበር።

ሃሚልተንም ይህን አንድ ጊዜ አድርጎታል። በ2013 ማክላረንን ትቶ መርሰዲስ ሲገባ «አብዷል» ያላለ ጥቂት ነው። በ2014 የሞተሩ ሕግ ተቀየረ፣ መርሰዲስም ቀድሞ ተዘጋጅቶ ጠበቀ። ከዚያ ስድስት ዋንጫ። በማክላረን ካገኘው የ2008ቱ ጋር ሰባት፣ ከጀርመናዊው ሾፌር ከሹማኸር እኩል። አሁንም ፌራሪ በገባ በሁለተኛው ዓመት ሕጉ ከሥሩ ተቀየረ። አንተን ተስፋ የሰጠህ ይህ ይመስለኛል።

የአክስትህ ልጅም ዝም ብሎ አይደለም የሚያወራው። እኔ ሾፌር የምመዝነው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ አጠገቡ በተቀመጠው ሰው። የአንድ ቡድን ሁለት ሾፌሮች የሚነዱት አንድ ዓይነት መኪና ነው። ከሌላው ጋር ሲወዳደር ሰው ሰበብ አያጣም፤ ሞተሩ፣ ክንፉ፣ ገንዘቡ። ጎንህ ያለው ሰው ግን ሰበብህን ይነጥቅሃል። በ2025 የፌራሪው ሌላ ሾፌር ሌክሌር 242 ነጥብ ሲያገኝ ሃሚልተን 156 አገኘ። ሌክሌር ሰባት ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ገብቶ ፖዲየም ላይ ወጣ፤ ሃሚልተን በዋናው ውድድር አንድም ጊዜ አልወጣም። ሻንጋይ ላይ ቅዳሜ አጭሩን ውድድር አሸንፎ አስጨፈረን። በማግስቱ ከመኪናው ሆድ ሥር ያለው ሰሌዳ ከልክ በላይ ተፍቆ ተገኘና የእሁዱ ውጤት ተሰረዘ።

ከሁሉ የባሰው ሃንጋሪ ነው። በማጣሪያው ሌክሌር አንደኛ ሆኖ ለመነሳት ሲበቃ፣ በዚያችው ዓይነት መኪና ሃሚልተን 12ኛ ሆነ። ወጥቶ «የማልረባ ነኝ፣ ምናልባት ቡድኑ ሾፌር መቀየር አለበት» ዓይነት ነገር ተናገረ። እኛ ቤት ቴሌቪዥኑ ፊት የነበረው ሁሉ ፀጥ አለ። አንድ ነገረኛ የሬድ ቡል ደጋፊ አለን፤ ለመቀለድ አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው።

እንግዲህ ፍርዴ ይኸው። ከ2022 እስከ 2025 የነበረው የመኪና ዓይነት ለሃሚልተን አልሆነውም። መርሰዲስ ሳለም በዚያ ዓይነት መኪና በሦስት ዓመት ያሸነፈው ሁለት ውድድር ብቻ ነው። ያ መኪና አሁን የለም። ስለዚህ የአክስትህ ልጅ እስከ ሰኔ ቀጠሮ ይስጥህ። እስከዚያ ስለ ዋንጫ አታውራ። ቅዳሜ ቅዳሜ በማጣሪያው ከሌክሌር በስንት እንደዘገየ ወይም እንደቀደመ ደብተር ላይ ጻፍ። ሰኔ ላይ አሁንም ኋላው ከሆነ ይቅርታ የምትጠይቀው አንተ ነህ።

የሬድ ቡል ሁለተኛ ወንበር ላይ ድግምት አለ እንዴ? የተቀመጠ ሁሉ ይወድቃል። — እህታችሁ፣ ከወልድያ

ድግምት ብትይ አይፈረድብሽም እቴ። ሪካርዶ በ2018 መጨረሻ ለቆ ሄደ። ጋስሊ በ2019 ገብቶ ዓመቱን ሳይጨርስ ተነሳ። አልቦን ተተካ፣ እሱም በ2020 መጨረሻ ቀረ። ፔሬዝ አራት ዓመት ታገለ። ላውሰን አምና ሁለት ውድድር ብቻ ነድቶ ወረደ። ሱኖዳ የቀረውን ዓመት ሞላ፤ ዘንድሮ እሱም ተጠባባቂ ነው። አሁን ተራው የሃጃር ነው።

አንድ የራሴን ነገር ላጫውትሽ። ፀጉሬ ሳይሸብት ከኮምቦልቻ ሚሌ ኤንትሬ የምትባለውን የጭነት መኪና ከነተሳቢዋ እነዳ ነበር። አንድ ባለንብረት ደመወዝ ጨምሮ ወሰደኝ። ሁለት መኪና ነበረው፤ አንዷን የሚነዳው የቤቱ አንጋፋ ሾፌር ነው። የኔዋንም ያስተካከላት እሱ ነበር። ወንበሩ በእሱ ቁመት ተበይዷል። ፍሪሲዮኑ እሱ በለመደው ቦታ ነው የሚይዘው። ከባቲ በታች ባለው ቁልቁለት እሱ በከባድ ማርሽ እየያዘ፣ ፍሬን ነካ ሳያደርግ ማለት ይቻላል፣ ይወርዳል። እኔ ከኋላው እግሬን ከፍሬኑ አላነሳም። የፍሬን ሸራው ሽታ ጋቢናዬን ሞልቶት ረዳቴ አፍንጫውን በጋቢው ይዞ ነበር የሚሄደው። ጎማው ሲፈታ የእሱ ሸራ ግማሹ እንኳ አላለቀም፤ የኔው ብረቱ ወጥቷል። በሦስተኛው ወር ባለንብረቱ «አንተ መንዳት አትችልም» ብሎ አወረደኝ። መካኒክ የሆንኩት ያኔ ነው።

የሬድ ቡል መኪናም የተቆረጠችው በአንደኛው ሾፌር በቬርስታፐን ልክ ነው። አፍንጫዋ ገና መሪው ሲነካ ትታጠፋለች፣ ኋላዋ ደግሞ ማምለጥ ትወዳለች። እሱ የሚፈልገው ይህንን ነው። ሌላው ሰው ሁለተኛው ኩርባ ላይ ሐሞቱ ይፈሳል። ከዚያ ይጠነቀቃል፣ ሲጠነቀቅ ይዘገያል፣ ሲዘገይ ይወርዳል።

ለሃጃር የሚበጀው መኪናዋ ዘንድሮ ከዜሮ መሠራቷ ነው። ልጁን ታስታውሺዋለሽ መቼም። አምና ሜልቦርን ላይ፣ የመጀመሪያ ውድድሩ ሳይጀመር በማሟሟቂያው ዙር ግድግዳ ገጭቶ እያለቀሰ ሲመለስ የሃሚልተን አባት አቅፈው አባበሉት። ያው ልጅ በዚያው ዓመት ሆላንድ ላይ ሦስተኛ ወጣ። ቬርስታፐንን ያሸንፋል አልልም። ከጎኑ ተቀምጦ ዓመቱን ከጨረሰ ግን እኔ ዋንጫ እንደወሰደ ነው የምቆጥርለት።

የማክላረኖቹ ኖሪስና ፒያስትሪ ፍቅር ዘንድሮም ይዘልቃል? — ከሐይቅ

አይዘልቅም። አምና የዘለቀውም ለወጉ ነው። ሞንዛ ላይ የኖሪስ ጎማ ቅያሬ ዘገየና ፒያስትሪ ቀደመው። ቡድኑ በሬዲዮ «ቦታውን መልስ» አለው፣ መለሰ። እኔ ያደግሁበት መንገድ ላይ ያገኘኸውን ቦታ የሚያስመልስህ ትራፊክ ፖሊስ ብቻ ነው። በነሐሴ መጨረሻ ቬርስታፐን ከመሪው ከፒያስትሪ በ104 ነጥብ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። በመጨረሻው ቀን ኖሪስ 423፣ ቬርስታፐን 421፣ ፒያስትሪ 410። ሁለት ነጥብ! ሁለቱ እየተከባበሩ ሦስተኛው ሊወስድባቸው ነበር።

ማክላረን ቤት ደግሞ ይህ በሽታ የቆየ ነው። በ2007 አሎንሶና ሃሚልተን እኩል 109 ነጥብ ይዘው ሲፋጠጡ የፌራሪው ራይኮነን በ110 ዋንጫውን ይዞ ሄደ። ከዚያ በፊት ፕሮስትና ሴና አሉ። በ1988 ከ16 ውድድር 15ቱን ያሸነፉ የአንድ ቤት ልጆች። በ1989 ሱዙካ ላይ ተጋጩ፣ ዋንጫው ለፕሮስት ሆነ። ፕሮስት «ከዚህ ሰው ጋር አንድ ጣሪያ ሥር አልኖርም» ያለ ይመስል ፌራሪ ገባ። በዓመቱ እዚያው ሱዙካ፣ ገና የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ሴና ገጨው። በዚህኛው ዋንጫው ለሴና ሆነ። ኖሪስና ፒያስትሪ እዚያ ይደርሳሉ አልልም፤ ጨዋ ልጆች ናቸው። ግን አሁን አንዱ ሻምፒዮን ነው፣ ሌላው አምና ለረጅም ጊዜ ሲመራ ቆይቶ የተነጠቀ ነው። ሁለት አውራ ዶሮ አንድ ግቢ ውስጥ ያየ ሰው ይህን ያውቃል።

መኪናው ግማሹ ኤሌክትሪክ ሆነ ይባላል። ይህ ውድድር ነው ወይስ ቻርጅ ማድረግ? — የባጃጅ ሾፌር፣ ከኮምቦልቻ

ሁለቱም ነው ወንድሜ። የኤሌክትሪኩ ሞተር ጉልበት ከ120 ወደ 350 ኪሎ ዋት አደገ፤ 470 ገደማ የፈረስ ጉልበት ማለት ነው። የነዳጁ ክፍል ደግሞ ቀነሰ። ታዲያ መኪናው እየሮጠ ሶኬት የለውም። ባትሪውን በዋናነት የሚሞላው ፍሬን ሲያዝ ነው።

ይህን ለመረዳት ሜልቦርን መሄድ አያስፈልግህም። የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ደሴንም ኮምቦልቻንም ሞልቷታል። አንድ ደንበኛዬ በደሴና በኮምቦልቻ መሃል ካለው ከሐረጎ አናት ወርዶ ጋራዤ ሲደርስ ስልኩን አውጥቶ ያነሳውን ፎቶ አሳየኝ። ባትሪው ቁልቁለቱን ሲጀምር ከነበረው ሁለት ፐርሰንት ጨምሯል! እኔ የባቲን ቁልቁለት ስወርድ ያቃጠልኩትን ሸራ አስቤ ዝም አልኩ። ሾፌሮቹ ዘንድሮ የሚፎካከሩት በዚህም ነው። የት ፍሬን ይዤ ልሙላ፣ የት ልልቀቅ። እግሩ ብቻ ፈጣን የሆነ ይቸገራል።

ደግሞ ሞተሩ የማን እንደሆነ እይ። መርሰዲስ ለራሱ፣ ለማክላረን፣ ለዊሊያምስና ለአልፒን ያቀርባል። ካበላሸው አራት ቤት ያለቅሳል፣ ካሳመረው አራት ቤት ይጨፍራል። ሬድ ቡል ከፎርድ ጋር ሆኖ የራሱን ሠርቷል። አውዲም አዲስ ገቢ ነው።

አሎንሶ ለምን አይተውም? — ከከሚሴ

44 ዓመቱ ነው፣ ከ2013 ወዲህ አላሸነፈም፣ አሁንም አይተውም። ስህተት ወንበር በመምረጥ የሚስተካከለው የለም። በ2015 በሆንዳ አገር በጃፓን፣ የሆንዳን ሞተር «የታችኛው ዲቪዚዮን ሞተር ነው» ብሎ በሬዲዮ ሰደበው። ዘንድሮ የአስተን ማርቲን ሞተር የማን ሆነ? የሆንዳ። የተጣላት አማቱ ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጣ እንደጠበቀችው ሰው ነው። መኪናውን የነደፈው ስመ ጥሩው መሐንዲስ አድሪያን ኒዊ መሆኑ ብቻ ያጽናናዋል።

እነዚህ ሰዎች ሐረጎ ላይ ቢነዱ? — ተማሪ፣ ከደሴ

አየሩ አይበቃቸውም። ሜክሲኮ ሲቲ ከ2,200 ሜትር በላይ ናት፤ እዚያ እንኳ አየሩ ሳስቶ ክንፉ መኪናውን በደንብ አይጫንላቸውም፣ ፍሬኑም አይቀዘቅዝላቸውም። ደሴ 2,500 ገደማ ናት። በዚያ ላይ ኩርባው ውስጥ አይሱዙ ከፊት ሲመጣ ማን ነው የሚለቅለት?

ጋሼ፣ የመጀመሪያውን ውድድር የት ሆነን እንይ? — የተለያዩ ሰዎች፣ ከደሴና ከኮምቦልቻ

እንደተለመደው ጋራዤ ጀርባ ባለችው ክፍል። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። ደግነቱ በዚያ ሰዓት ኳስ የለም። አውሮፓ ሲገቡ ነው ጣጣው፤ ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ የአርሰናል ደጋፊዎች መጥተው ሪሞቱን ይቀማሉ። ግማሻችሁ ከሱሁር በኋላ ሳትተኙ ትመጣላችሁ፣ ግማሻችሁ ከቅዳሴ መልስ ትደርሳላችሁ። ቡና አይፈላም። ጿሚ ፊት ሲኒ አንስቶ ጀባ የሚል ከእኛ መሃል የለምና ቡናው ለማታ ይቆያል። አምና 20 ወንበር ነበረኝ። ዘንድሮ ካዲላክ ገብቶ መኪናዎቹ 22 ስለሆኑ ሁለት በርጩማ ጨምሬያለሁ። አንዷ እግሯ ይነቃነቃል፤ እሷ ላይ የሚቀመጠው የሬድ ቡሉ ነገረኛ ነው።