መልስ፦ ምግቡን በምላሱ ለሚገፋና ትን ለሚለው ልጅ

አንጋለሽ ማብላቱን ከዛሬ ጀምሮ ተዪው። የ3 ዓመት ልጅሽ ሴሬብራል ፓልሲ (በአንጎል ጉዳት የተነሳ እንቅስቃሴንና አቋምን መቆጣጠር የሚያስቸግር ሁኔታ) እንዳለበት፣ ጭንሽ ላይ አስተኝተሽ እንደምታበዪው፣ ምግቡን በምላሱ እንደሚያወጣውና ውሃ ሲጠጣ ትን እንደሚለው ጽፈሻል። መጀመሪያ የሚስተካከለው አቀማመጡ ነው።

1. ቀጥ ብሎ ይቀመጥ። ዳሌውና ጉልበቱ ይታጠፍ፣ እግሩ አይንጠልጠል፣ አገጩ ትንሽ ወደ ደረቱ ይበል። እኛ ለልጃችን ልዩ ወንበር ስላልነበረን በርጩማ ግድግዳ ጥግ አስጠግተን፣ ግራና ቀኟን በተጠቀለለ ጋቢ ደግፈን፣ ከእግሯ ሥር ካርቶን አድርገን ነው ያሳደግናት።

2. ትንሽ፣ ብዙ ያልጎደጎደ ማንኪያ ያዢ። ፊት ለፊቱ ዝቅ ብለሽ ተቀመጪ። ማንኪያውን ምላሱ መሃል ላይ ለስለስ አድርገሽ ጫን በይና ከንፈሩን እስኪገጥም ጠብቂ፤ ላይኛው ጥርሱ ላይ እየጠረግሽ አታውጪው።

3. ከማንኪያው ቀስ ብሎ የሚወርድ ወፍራም አጥሚት ከቀጭኑ ይሻላል። እንጀራ በሽሮም ከሆነ አድቅቂው፣ ፈሳሽና ቁራጭ ተደባልቆ ሲመጣ ይከብደዋል። ውሃውን በማንኪያ ትንሽ በትንሽ። ከበላ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል አታስተኚው።

አደራ፣ አልበላም ሲል አፉን ከፍተሽ እንዳትግቺው። እኔ ልጄ ከሳችብኝ ብዬ ስግታት ከርሜ በአንድ ክረምት ሁለቴ የሳንባ ምች ያዛት። ደግሞ ምግብ ወደ ሳንባው የሚገባበት ልጅ ሁሉ አያስልም። ከበላ በኋላ ድምፁ ውሃ እንዳዘለ ከተንኮረኮረ፣ ትንፋሹ ካጠረ ወይም ትኩሳት ከተመላለሰበት ማብላቱን አቁመሽ ቶሎ ሐኪም ጋ ውሰጂው።