የሞተሩ ብሎክ ተሰንጥቋል፤ ላስበይደው ወይስ ልቀይረው?

አንድ አንባቢ የአባቱን ቶዮታ ዲኤክስ መኪና እያሳደሰ ነው። ሞተሩ 4ኬ ነው። ሳይፈታ በፊት ውሃ ይጨርስ ነበር። ወርዶ ሲታጠብ ብሎኩ (ሲሊንደሮቹን የያዘው የሞተሩ ዋና አካል) ከጎን በኩል፣ የውሃውን ክፍል ከሚደፍኑት ክብ ታፖዎች ከፍ ብሎ፣ የጣት ርዝመት ያህል ስንጥቅ ተገኘበት። አንዱ መካኒክ «ይበየድ» ይላል፣ ሌላው «በብረት ሙጫ ድፈነው»፣ ሦስተኛው ደግሞ «ጣለውና ሌላ ግዛ»። ፒስተንና ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ተገዝቷል፤ ነገ ሲሊንደሩን በማሽን ሊያሰፋ ሬክቲፊካ ቤት ሊወስደው ነው።

ወንድሜ፣ ነገ አትውሰደው። ስንጥቁ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ሳታውቅ አንድ ብር አትጨምርበት። በዓይን የሚታየው ብዙ ጊዜ ከእውነተኛው ያጥራል። ቦታውን በሽቦ ብሩሽ ቀለምና ዝገቱ እስኪለቅ ፈትገው፣ በቤንዚን እጠበውና በደንብ አድርቀው። ከዚያ ስንጥቅ የሚያሳየውን ቀይ ቀለም ትረጫለህ፣ ጥቂት ጠብቀህ ትጠርገዋለህ፣ ነጩን ትረጭበታለህ። ስንጥቁ ውስጥ የገባው ቀይ በነጩ ላይ መስመር ሆኖ ይወጣል። ጎኑን ብቻ አይደለም፤ ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው ቴስታታ የሚያርፍበትን ገጽ፣ የቡሎን ጉድጓዶቹን ዙሪያና ኮሎው (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) የሚቀመጥባቸውን ድልድዮችም እይ። በውሃ እጥረት ጎኑ የተሰነጠቀ ብሎክ ሌላም ቦታ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ሁለተኛው ፈተና የግፊት ነው። የውሃ መተላለፊያዎቹ በሙሉ በጎማና በወፍራም ላሜራ ይዘጋሉ፣ ብሎኩ ሞቅ ባለ ውሃ ይሞላል፣ ከዚያ እስከ 3 ባር የሚደርስ አየር ይገባበታል። ሞቅ ያለ መሆኑ ለምክንያት ነው። አንዳንድ ስንጥቅ ብረቱ ሲቀዘቅዝ ይገጥማል፣ ሲሞቅ ይከፈታል። ሲሊንደሮቹ ውስጥ ጠብታ ካየህ ነገሩ ተለወጠ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ስንጥቁ የውጭው የውሃ ግድግዳ ላይ ብቻ ከሆነ ይህ ብሎክ ይድናል። እዚያ ቦታ የሚያርፈው የውሃው ግፊት ነው፣ የፍንዳታው ጉልበት አይደለም። ወደ ሲሊንደር ከገባ ሲሊንደሩ ተቦርቡሮ የብረት ቱቦ ይገባለታል፤ 4ኬ ላይ ይህ ይቻላል፣ ግን ቱቦውን በልክ የሚያስገባ እጅ ያስፈልገዋል። የኮሎው ድልድይ ላይ ከሆነ ግን አትድከም። እዚያ ጋ የተበየደ ብሎክ ሥራ ላይ ሆኖ ቢለቅ ኮሎውንም ፒስተኑንም ይዞ ይሄዳል።

የአንተ የውጭ ነው ብለን እንያዝ። ሙጫውን ለብቻው አልመክርህም። መንገድ ላይ ለቀረ ሰው ቤቱ እስኪደርስ ያገለግላል፤ ሞተር ከነሥሩ ወርዶ፣ ሁሉ ነገር ክፍት ሆኖ ሳለ በሙጫ መግጠም ግን ሥራውን ሁለት ጊዜ መሥራት ነው። ብየዳውም ቢሆን እንደ በር ብየዳ እንዳይመስልህ። ብሎኩ ጊዛ ነው፣ ማለትም ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት፤ ካርቦኑ ብዙ ነው። በተራ ኤሌክትሮድ ድንገት ካሞቁት ከብየዳው ዳር ያለው ብረት እንደ ብርጭቆ ይደርቅና ሲቀዘቅዝ «ጧ» ብሎ አዲስ ስንጥቅ ያወጣል። እንዲህ የተበላሸ ብሎክ ብዙ ጊዜ ያመጡልኛል፣ ሁሌም ያሳዝነኛል፤ መጀመሪያ ቢመጣ ይድን የነበረ ነው።

እኔ የምመርጠው ስንጥቁን እንደ ልብስ በቡሎን መስፋት ነው። እሳት የለበትም። የስንጥቁ ሁለት ጫፎች በ3 ሚሊ ሜትር ትራፓኖ ይበሳሉ፣ እንዳይሄድ። ከዚያ በመስመሩ ላይ እየተበሳ፣ ጥርስ እየወጣለት፣ ቡሎን እየታሰረ ይሞላል፤ እያንዳንዱ ቡሎን የጎረቤቱን ጠርዝ በትንሹ ነክሶ ይገባል። አንገታቸው ይቆረጣል፣ በመዶሻ ይቀጠቀጣል፣ በሞላ (በሚፍቀው ድንጋይ) ይስተካከላል። ቀን የሚፈጅ ሥራ ነው፣ ግን ብሎኩን አያጣምምም። የሚሰፋልህ ሰው ካጣህ በኒኬል ኤሌክትሮድ ይበየድ፦ በአንድ ጊዜ ከ2 ወይም ከ3 ሳንቲ ሜትር ሳይበልጥ፣ ወዲያው በመዶሻ ጠቅ ጠቅ እየተደረገ፣ እጅ እስኪያስችል እየተጠበቀ። ሲያልቅ ውሃ አይነካውም፣ ነፋስም አያግኘው፤ ደረቅ አመድ ወይም አሸዋ ውስጥ ቀብረህ ተወው። በያጁ «ቶሎ ልጨርስልህ» ካለህ ብሎክህን ይዘህ ውጣ።

ከዚያ እንደገና በግፊት ይፈተን። ሬክቲፊካ የሚሄደው ካለፈ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን እንዳታዛባ፤ ሲሊንደር አስፍተህ ከበየድክ ሙቀቱ ልኩን ያጠፋዋል፣ የከፈልከውም ገንዘብ ባከነ።

ፈተናውን ከወደቀ ያገለገለ ብሎክ ፈልግ፣ መርካቶ ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ። ግን ያንንም ሳታስፈትን ሂሳብ አትዝጋ፣ «ካልሆነ እመልሳለሁ» ብለህ ተስማማ። የሞተር ቁጥሩ ብሎኩ ላይ ነው ያለው፣ ሊብሬህ ላይም ተጽፏል። ስለዚህ ሻጩ ሕጋዊ ሰነድና ደረሰኝ ይስጥህ፤ ቁጥሩ ሊብሬው ላይ እንዲቀየር ምን እንደሚጠየቅ መኪናው የተመዘገበበት ቢሮ አስቀድመህ ጠይቅ። ዝም ብለህ ከገጠምከው ልትሸጠው ስትል ችግር ውስጥ ትገባለህ።

ስትገጥመው ደግሞ የቴስታታውን ቡሎን ጉድጓዶች በአየር ንፋቸው። ታቹ ዝግ የሆነ ጉድጓድ ውስጥ ውሃ ወይም ዘይት ከቀረ ቡሎኑ ሲጠብቅ ፈሳሹ መውጫ ያጣና ደህናውን ብሎክ ይሰነጥቀዋል።

መጀመሪያ ለምን ተሰነጠቀ የሚለውም መልስ ይፈልጋል። የራዲያተሩን ክዳን አዲስ ግዛ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ውሃው 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል፤ 0.9 ባር የሚይዝ ደህና ክዳን ካለው ግን ከ110 በላይ ይታገሳል። የውሃውን ሙቀት የሚቆጣጠረውን ቴርሞስታት «ይሞቃል» ብለው አውጥተውት ከሆነ መልሰው፣ ኩላንትም (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) አድርግበት። ከጋለ ደግሞ አጥፍተህ ጠብቅ፤ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አይፈስም። ለመጀመሪያው አንድ ወር ጠዋት ጠዋት ሳታስነሳው ውሃውንና የዘይት መለኪያውን እይ። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው፤ ቁልፉን አትንካ፣ ደውልልኝ።